ባሕር ዳርና ማርቆስ፦ ፎቁን ቆጥረን ስንጨርስ

በፋሲካ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ነበር። ቡና እየጠጣን ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየኝ። መሃል ማርቆስ ነው። አምስት ስድስት ሕንፃ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል፣ ግማሹ ገና አጣናው አልወረደለትም። «ይኸው! አሁን ከናንተ በምን እናንሳለን?» አለኝ። እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝና ዝም አላልኩም፣ የራሴን ስልክ መዘዝኩ። ከዚያ ወዲያ ቆጠራ ሆነ። ይኼ ጂ ፕላስ አራት ነው፣ ያኛው ጂ ፕላስ ሰባት ነው፣ ይኼ ሆቴል ነው፣ ያኛው ታች ባንክ ያለበት ነው። እናቴ ረከቦቱ ጋ ሆና ብዙ ታገሰችንና «ምነው፣ አንዱንም እናንተ አልሠራችሁት!» አለች። ክርክሩ በሳቅ አለቀ።

እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከተማን ከከተማ ስናወዳድር ለምንድነው ፎቅ የምንቆጥረው? የፎቅ ብዛት ስለ ሊፍት፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ይነግረን ይሆናል። ስለ ከተማዋ የሚናገረው ግን ፎቁ የት ቦታ ላይ እንደቆመና ምን እንደጋረደ ነው። በዚህ በኩል ካየነው ሁለቱም ከተሞቻችን ጥሩም መጥፎም ጎን አላቸው፣ የኔዋም ጭምር።

መጀመሪያ መሬቱን እንይ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጣና ደቡባዊ ዳርቻ ተንጣልላለች። በመራዊ በኩል ስትመጡ ከተማዋን ከሩቅ አታዩዋትም፣ ድንገት ውስጧ ትገባላችሁ። እሷን እንደ ከተማ ከፍ ብሎ ለማየት ወይ ወደ በዛዊት ኮረብታ መውጣት ነው፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ወደሠሩበት፣ ወይ ደግሞ ጀልባ ይዞ ሐይቁ ላይ መግባት። ከጀልባው ሆናችሁ ወደ ኋላ ስትዞሩ መጀመሪያ የምታዩት ዛፍ ነው። ከዛፉ በላይ አንዳንድ ሕንፃ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ብዙ ዓመት የከተማዋ ቁመና ይኸው ነበር፦ ውኃ፣ ከውኃው በላይ ዛፍ፣ ከዛፉ በላይ ሰማይ።

ማርቆስ ሌላ ናት። ከባሕር ዳር ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። መሬቷ ወጣ ገባ ነው። ስለዚህ ማርቆስ ላይ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከቆመ፣ ዝቅ ካለው ሰፈር ሲታይ ስድስት ፎቅ ይመስላል። የአክስቴ ልጅ ፎቶ ሚስጥሩ ይኼ ነው። ከታች ወደ ላይ አንስቶት ኖሯል! እኔ በሜዳ ላይ ሆኜ በምን ልወዳደረው?

ታሪካቸውም ለየቅል ነው። ማርቆስ ጥንት መንቆረር ትባል ነበር፣ በ1845 ዓ.ም. ገደማ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የቆረቆሯት። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሆኑ፣ ከተማዋም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራች። ስለዚህ ማርቆስ ያደገችው በቤተ ክርስቲያኑና በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ነው። ጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም ክፍለ ሀገር በነበረ ጊዜ ዋና ከተማው እሷ ነበረች። አባቴ «ለጉዳይ ማርቆስ ልሂድ» ሲል ዛሬ ሰው «አዲስ አበባ ልሂድ» እንደሚለው ነበር ድምፁ።

ባሕር ዳር በተቃራኒው የወረቀት ልጅ ናት ማለት ይቻላል። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጥንትም ነበረ፣ ግቢው ውስጥም በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የመጣው የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ሠራው የሚባል የድንጋይ ሕንፃ አለ። (ፎቅ እንቆጥራለን ካልን እንግዲህ ከዚያ መጀመር ነበረብን።) የዛሬዋ ባሕር ዳር ግን የመጣችው በ1950ዎቹ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠራ። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ። በዚያው አሥር ዓመት የጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን አወጡላት። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች እንዲሁ የበቀሉ አይደሉም፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ የተሰመሩ ናቸው። ክልሎች ሲዋቀሩ ደግሞ የአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆነች። መሥሪያ ቤቱም፣ ስብሰባውም፣ አበሉም ወደሷ ዞረ።

የፎቁ ልዩነት የመጣውም ከዚህ ነው። ሰው ብዛት ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ባሕር ዳር ከተማ 155,428 ሰው ነበራት፣ ማርቆስ 62,497። ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ግን ሰው ስለበዛ ብቻ ፎቅ አይሠራም። ፎቅ የሚሠራው ላይኛውን ፎቅ የሚከራይ ሲገኝ ነው።

ይቺ ነጥብ ቀላል ትመስላለች፣ ሁሉንም የምታስረዳው ግን እሷ ናት። በኛ ከተሞች ምድር ቤቱ ወርቅ ነው። ሱቅ፣ ካፌ፣ ፋርማሲ፣ የባንክ ቅርንጫፍ፣ ሁሉም ምድር ቤት ይፈልጋል፣ ከፍ ያለውን ኪራይ የሚከፍለውም እሱ ነው። አንደኛ ፎቅ ደህና ነው፣ ፀጉር ቤት ወይም ልብስ ሰፊ ይገባበታል። ሁለተኛው ላይ ክሊኒክ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ጠበቃ ቢገኝ ነው። ከዚያ በላይ ግን ማን ይወጣል? ባሕር ዳር ውስጥ የሚወጣ አለ። የክልል ቢሮ ይከራያል፣ ድርጅት ይከራያል፣ ወይም ሕንፃው ከነጭራሹ ሆቴል ይሆንና እንግዳው «ሐይቁን የሚያሳይ ክፍል ስጡኝ» ይላል። ሐይቁን የሚያሳየው ደግሞ ላይኛው ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ አምስተኛ ፎቅ ገንዘብ አለው። ማርቆስ ውስጥ የዞን መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው አሉ፣ ይሁን እንጂ እነሱ በብዛት የራሳቸው ግቢ አላቸው። የግል ሕንፃውን ላይኛ ፎቅ የሚሞላ ተከራይ እንደ ልብ አይገኝም። ማርቆስ ፎቅ ያነሳት ሰዎቿ ሰንፈው እንዳይመስላችሁ። ሒሳብ አውቀው ነው።

ቀጥሎ ሊፍት አለ። ሁለቱም ከተማ ውስጥ ብዙ ሕንፃ ጂ ፕላስ አራት ላይ የሚቆመው ለምን ይመስላችኋል? ሰው ሳያጉረመርም በእግሩ የሚወጣው እዚያ ድረስ ስለሆነ ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞችም አብዛኞቹ ጂ ፕላስ አራት የሆኑት ያለ ሊፍት ነው። ከዚያ ካለፈ ሊፍት ግድ ይላል፣ ሊፍት ደግሞ በዶላር ይገዛል። መብራት ሲጠፋ የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ይፈልጋል። ሲበላሽ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይጠራል።

እኔ ራሴ ሁለት ዓመት አራተኛ ፎቅ ላይ ሠርቻለሁ። የሕንፃውን ስም ተዉት። የሊፍቱ ቦታ በሁሉም ፎቅ ላይ በደንብ ተሠርቷል፣ ሊፍቱ ግን አልመጣም። በየፎቁ በሩ በኮምፔንሳቶ ተመትቷል። የኛ ፎቅ ላይ አንዱ ጥግ ተገንጥሎ ስለነበር ጽዳቷ መጥረጊያዋንና ባዶ ጄሪካኖቿን እዚያ ጥግ ታስቀምጥ ነበር። ውኃ ደግሞ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነበር እኛ ጋ የሚደርሰው። ከታች ያለው ካፌ ግን ቀኑን ሙሉ ኩባያ ሲያጥብ ይውላል። ባለጉዳይ ደረጃውን ጨርሶ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጉዳዩን ሳይሆን ወንበር ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ገብተው ቁጭ አሉና፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ልጄ፣ እዚህ ድረስ የወጣሁት ለጸሎት ቢሆን ኖሮ በረከት አገኝ ነበር» አሉኝ።

ሕጉም ራሱ ከፍታ ላይ መስመር አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጠውን ሁሉ የመጨረሻው ምድብ «ሐ» ውስጥ ነበር ያስገባው። አንድ ፎቅ ሦስት ሜትር ያህል ነው ብላችሁ ብትቆጥሩ ጂ ፕላስ ሦስት ላይ መስመሩን ትነካላችሁ። ከዚያ በላይ የሚጠየቀው ባለሙያና ክትትል ይበዛል። ባለ ብዙ ገንዘብ ግድ አይሰጠውም። እንደ አጎቴ (የአክስቴ ባል ነው) ያለ፣ ነግዶ ነግዶ ጡረታዬ ትሁነኝ ብሎ አንዲት ሕንፃ የሚያቆም ሰው ግን ሦስት ጊዜ ያስባል።

አሁን ወደ ጣሪያው እንውጣ። ሁለቱን ከተሞች የሚያመሳስላቸው እዚያ ነው። አንደኛው ሮቶ ነው። የግፊት ውኃ ስለማይታመን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሮቶ ጣሪያ ላይ ሰቅሏል። ከበዛዊት ሆናችሁ ባሕር ዳርን እዩዋት፣ ከሕንፃው ይልቅ ሮቶው ነው የሚቆጠረው። አርክቴክቱ ጣሪያውን የቱንም ያህል ቢያሳምረው የመጨረሻዋን መስመር የሚያሰምረው ቧንቧ ሠራተኛው ነው።

ሁለተኛው ፌሮ ነው። ሕንፃው ያለቀ ይመስላል፣ ሱቁ ተከራይቷል፣ ቀለሙም ተቀብቷል። አናቱ ላይ ግን ከየኮለኑ ጫፍ አራት አራት ፌሮ ወደ ሰማይ ቆሟል። የውጭ ሰው ሲያየው ሥራ የተቋረጠ ይመስለዋል። ለኛ ግን ተስፋ ነው። «እግዜር ሲፈቅድ አንድ ሶሌታ እጨምራለሁ» ማለት ነው። የቤት ብድር ለብዙው ሰው ስለማይደርስ ሰው ባጠራቀመው ልክ ይሠራል፣ ያለውን ያፈስሳል፣ ከዚያ ይጠብቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶውን አለፈ። መስታወቱ፣ አልሙኒየሙ፣ ሊፍቱ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው፣ ሁሉም በሱ ልክ ወጣ። መጠበቁ ረዘመ። የአጎቴ ፌሮ ከስንት ክረምት በኋላ ዝጎ ቡና መስሏል። ጫፉ ላይ የላስቲክ ጠርሙስ ደፍቶበታል፣ ውኃ እንዳይገባ ነው ይላል፣ እኔ ለምን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም።

በላዩ ላይ ጦርነቱ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ሁለቱም ከተሞች የሆኑትን ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ አይመጣም፣ ሲሚንቶ ቢመጣም ግንበኛው ከገጠር አይገባም። ሆቴል እንግዳ ሲያጣ ባለ ሆቴሉ ሰባተኛውን ፎቅ አያስብም። ስለዚህ ዛሬ የምናየውን ቁመና የከተሞቹ ምርጫ አድርገን ባንወስደው ጥሩ ነው፤ ግማሹ እጅ የታሰረበት ጊዜ ምልክት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር። ፎቁ የት ነው የቆመው?

የባሕር ዳር ጥፋት፣ እኔ እንደማየው፣ ለሐይቁ ጀርባዋን መስጠቷ ነው። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ። ይኼን የሚያህል ውኃ አጠገባችን ሆኖ እኔ ልጅ እያለሁ ሐይቁን ለማየት ወይ ሆቴል ገብቶ ለስላሳ ማዘዝ ነበር፣ ወይ በአጥር ቀዳዳ ማሾለቅ። ዳርቻውን ሆቴሉና ተቋሙ እየተከፋፈለ አጠረው። አጥር ብቻ ሲሆን ችግር የለውም፣ ይፈርሳል። በኮሪደር ልማቱም የዳርቻው ነገር ተነካክቷል፣ ሰው አሁን ሲመሽ በእግሩ ሲንሸራሸር ደስ ይላል። ፎቅ ግን አይፈርስም። ዳርቻው ላይ አንድ ትልቅ ሕንፃ ካቆማችሁ ከኋላው ያለው ሰፈር በሙሉ ሐይቁንም ነፋሱንም ተነጠቀ። ባሕር ዳር ሙቀቷ የታወቀ ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የሁሉም ነው። መሆን የነበረበት ዝቅተኛው ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ ነው፣ እንደ ማኅበር ፎቶ። አጭሩ ፊት ይቆማል፣ ረጅሙ ከኋላ፣ የሁሉም ፊት ይታያል።

መስታወቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ባሕር ዳርን በሚያህል ሙቀት ውስጥ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ መስታወትና በአሉኮቦንድ የተጠቀለለ ሕንፃ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ይሆናል። በረንዳ ነው የሚያስፈልገን! ሰፊ በረንዳና ጥላ። መስታወቱ ለማርቆስ ብርድ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፣ እዚያ ፀሐይ በመስታወት ብትገባ ማን ይጠላል። እኛ ግን አንዱ አዲስ አበባ ያየውን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ከሱ ይቀዳል።

አንድ ነገር ግን ባሕር ዳር አግኝታለች፣ እሱም ሕንፃ አይደለም። አዲሱ የአባይ ድልድይ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። ምሰሶዎቹና ኬብሎቹ ከሜዳው ላይ ቀጥ ብለው ሲታዩ ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩቅ የምትታወቅበት ምልክት አገኘች። ምንም ስላልጋረደ ነው ያማረው። በኬብሉ መሃል ሰማዩ ይታያል፣ ከሥሩ አባይ ይፈሳል፣ ከአባይ ማዶ ደግሞ በዛዊት አለ። ለአክስቴ ልጅ ይኼን ፎቶ ነበር ማሳየት የነበረብኝ፣ ያን ሁሉ ሆቴል ከምቆጥር።

ማርቆስ ላይ ያለኝ ስጋት ሌላ ነው። ማርቆስ ሐይቅ የላትም፣ ያላት ከፍታ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ አለ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት አለ፣ ከሰሜን በኩል ሰማዩ ሲጠራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጮቄ ይታያል። ከሉማሜ በኩል ስትገቡ የከተማዋን ቁመና የሚሰጧት እነዚህ ናቸው፣ ባህር ዛፉን ጨምሮ። አሁን ሁሉም ሰው ዋናው መንገድ ዳር ነው መሥራት የሚፈልገው። ያም ይገባኛል፣ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ከሚመላለሰው መኪና ብዙው በዚያ ያልፋል፣ ምድር ቤቱ የሚከራየው እዚያ ነው። ችግሩ መንገዱ ግራና ቀኙ በፎቅ ከተገጠመ ከተማዋ የአንድ መስመር ከተማ ትሆናለች። ከፊት አምስት ፎቅ፣ አንድ ሕንፃ አልፋችሁ ወደ ውስጥ ስትታጠፉ ቆርቆሮና ጭቃ ቤት። ከመኪና መስኮት ለሚያይ «ማርቆስ አድጋለች» ያሰኛል። ከኋላ ለሚኖረው ግን የመጣለት ነገር ቢኖር ጠዋት ፀሐይ መከልከሉ ነው፣ በዚያ ብርድ!

ማርቆስ ግን ዕድለኛ ናት፣ ገና አልረፈደባትም። የባሕር ዳር ዳርቻ ብዙው ተይዟል። ማርቆስ የሊዝ ቦታ ስታወጣ የፎቁን ትንሹን ልክ ብቻ ሳይሆን ትልቁንም ልክ መጻፍ ትችላለች። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ከዚህ ፎቅ እንዳያንስ» ነው። ቤተ ክርስቲያኑና ቤተ መንግሥቱ አካባቢ «ከዚህ እንዳይበልጥ» የሚል ቢታከልበት ምን ይጎዳል? ፎቅ የሚፈልግ ዝቅ ያለው ሰፈር ሄዶ እንደፈለገ ያውጣው። እዚያ አምስት ፎቅ ቢቆም ከላይኛው ሰፈር ሲታይ ሁለት ፎቅ ነው የሚመስለው፣ ማንንም አይጋርድም።

ይኼን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ ስነግረው ብዙ ዝም አለኝ። መጨረሻ ላይ «እና እኛ እንዳንሠራ ነው?» አለ። አይደለም አልኩት። ሥሩ፣ ግን ከመሥራታችሁ በፊት ጣሪያ ላይ ውጡና ምን እንደሚታይ እዩ።

በሳምንቱ ፎቶ ላከልኝ። የአጎቴ ሕንፃ አናት ላይ ሆኖ ሲመሽ ያነሳው ነው። ከፊት ለፊት የዛገው ፌሮ፣ ጠርሙሶቹ እንደተደፉ ናቸው፣ በሁለቱ ፌሮ መሃል ገመድ ተወጥሮ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። ከጀርባ የጎረቤት ሮቶ፣ ከዚያ ጽዱ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ሆኖ ጮቄ። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አባባ አንድ ሶሌታ ልጨምር ነው እያለ ነው፣ ጮቄን አይጋርድም፣ አይቼዋለሁ። ጎረቤታችንን ግን ይጋርዳል። ምን ልበለው?»

እስካሁን አልመለስኩለትም።